የዕጢ ደዌና የሰው ጠባይ

ሰው በባልንጀራው ጠባይ ላይ ቸኩሎ መፍረድ ልማዱ ነው። አንዱን ሰነፍ፥ ሁለተኛውን ቍጡ፥ ሦስተኛውን ዝንጉ ብሎ ይሰይመዋል፤ የተሰየመውም ሰው ያን ስም እንደ ልብስ ለብሶት ይኖራል። ነገር ግን ስንፍና ወይም ቍጣ ተብሎ ከተፈረደበት ነገር ውስጥ አንዳንዱ ሲመረመር የጠባይ ጕድለት ሳይሆን የሥጋ ደዌ ሆኖ ይገኛል። ደዌ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ወቀሳና ቅጣት ሳይሆን ምርመራና ሕክምና መሆኑን አስተዋይ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዛሬ ልንናገርበት የወደድነው ነገር ይኸው ነው።

በሰው አካል ውስጥ ዕጢ የሚባሉ ታናናሽ ብልቶች አሉ። እነዚህም ሆርሞን የተባለውን ረቂቅ ነገር እየሠሩ ወደ ደም ይልካሉ፤ ደሙም ትእዛዛቸውን ተሸክሞ ለልብ፥ ለአንጀት፥ ለጡንቻና ለአንጎል ያደርሳል። ከእነዚህ አንዱ በአንገት ፊት ለፊት ከማንቍርት በታች ክንፉን እንደ ዘረጋ ቢራቢሮ ሆኖ የተቀመጠው ታይሮይድ የሚባለው ዕጢ ነው። ክብደቱ በጤነኛ ሰው 20 ግራም ያህል ቢሆን ነው፤ ሥራው ግን ከክብደቱ እጅግ ይበልጣል። አካል ምግቡን በምን ፍጥነት ወደ ሙቀትና ወደ ኃይል እንደሚለውጥ፥ ልብ በምን ፍጥነት እንደሚመታ፥ አእምሮም ነቅቶ ወይም ፈዝዞ እንደሚውል በብዙው የሚወሰነው በእርሱ ነው።

ይህ ዕጢ ሥራውን ባጓደለ ጊዜ የአካል ሥራ ሁሉ ይዘገያል። ሕሙሙ ሌላው ሰው በማይበርደው ቀን ይበርደዋል፤ ጥቂት እየበላ ይወፍራል፤ ፊቱ ያብጣል፥ ድምፁ ይጐረንናል፥ ሆዱ ይደርቃል። ከዚህም ጋራ አሳቡ ይዘገያል፤ ትናንት የሰማውን ዛሬ ይረሳል፤ ተኝቶ እንቅልፍ አይጠግብም፤ ደስ ያሰኘው የነበረው ነገር ደስ አያሰኘውም፤ ልቡም ያለ ምክንያት ያዝናል። ዕጢው ከመጠን አልፎ በሠራ ጊዜ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ልብ ይደልቃል፥ እጅ ይንቀጠቀጣል፥ ላብ ያጠምቃል፥ ሰውነትም ምግብ ሳይጐድልበት ይከሳል። እንዲህ ያለው ሕሙም ሌሊት እንቅልፍ ያጣል፥ በትንሹ ነገር ይቈጣል፥ ምንም ሳይመጣበት ይፈራል፥ ልቡን በአንድ ነገር ላይ አሳርፎ መቀመጥ ያቅተዋል። አንዳንዱም ዐይኑ ወደ ውጭ ይፈጥበታልና የሚያየው ሰው ሁሉ የተቈጣ ይመስለዋል።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እናቅርብ። በአንድ መሥሪያ ቤት ብዙ ዘመን በትጋት ያገለገለች የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አለች እንበል። ከአንድ ዓመት ወዲህ ግን ጧት ትዘገያለች፤ የተቀበለችውን ደብዳቤ የት እንዳስቀመጠችው ትረሳለች፤ በቀትርም በወንበሯ ላይ እንዳለች እንቅልፍ ይጥላታል። አለቃዋ በመጀመሪያ በቃል፥ ቀጥሎ በጽሑፍ ያስጠነቅቃታል፤ በሦስተኛው ደመወዟን ይቀጣል። በቤቷም ባሏ ‹‹ምን ነካሽ? ቤቱን እኮ ጣልሽው›› ይላታል፤ ጎረቤት ደግሞ ዐይነ ጥላ ነው ይላል። እርስዋም ምን እንዳገኛት አታውቅምና በመጨረሻ የሚሏትን ታምናለች፤ ‹‹እውነትም ሰንፌአለሁ›› ብላ ራስዋን ትንቃለች። የዚህ ሁሉ ምክንያት ግን በአንገቷ ላይ ያለችው ታናሽ ዕጢ ሆና ሳለ፥ ነገሩን ለመለየት የሚያስፈልገው ከክንዷ የሚቀዳ ጥቂት ደም ነበረ።

አባቶቻችን ‹‹በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ›› ብለው ተርተዋል። እንቅርት የዚሁ የታይሮይድ ዕጢ እብጠት ነውና ተረቱ ለነገራችን እጅግ የተስማማ ነው። የመጀመሪያው ሸክም ደዌው ነው፤ በእርሱ ላይ የሚደረበው ሁለተኛው ሸክም የሰው ፍርድ ነው። የመጀመሪያውን የሚያቀል መድኃኒት ከተገኘ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሁለተኛውን ግን የምንጭነው እኛው ስለ ሆንን ማውረድም የሚገባን እኛው ነን።

ሐኪሞችም ቢሆኑ ይህን የተረዱት በአንድ ቀን አይደለም። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ብንጠራ፥ በ1888 በለንደን የሐኪሞች ማኅበር ያቆመው ጉባኤ የዚህ ዕጢ ሥራ የጐደለባቸውን ከመቶ የሚበልጡ ሕሙማን ታሪክ መርምሮ፥ ከእነርሱ ወደ ግማሽ የሚጠጉት አእምሯቸው ታውኮ ሐሰተኛ ነገር እንደሚያዩ ወይም እንደሚያምኑ ገለጠ። በ1891 ጆርጅ መሬይ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከበግ የታይሮይድ ዕጢ የተጨመቀ መድኃኒት ለአንዲት የ46 ዓመት ሴት በመርፌ ሰጣት፤ እርስዋም ድና መድኃኒቱን እየወሰደች ሌላ 28 ዓመት ኖረች። በ1914 አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኬንዳል ታይሮክሲን የተባለውን የዕጢውን ሆርሞን ለይቶ አወጣ። በ1949 ደግሞ ሪቻርድ አሸር የተባለ ሐኪም ዕብደት የተባለባቸው ነገር የዕጢ ጕድለት ሆኖ የተገኘባቸውን የ14 ሕሙማን ታሪክ በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጣ፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ የዕጢው መድኃኒት በተሰጣቸው ጊዜ ልቡናቸው ተመለሰላቸው። አንባቢ ይህን ልብ ያድርግ፤ እነዚህ ሰዎች የዳኑት በተግሣጽ አይደለም፥ በር ተዘግቶባቸው በመኖርም አይደለም፤ ከአካላቸው የጐደለው ነገር ስለ ተተካላቸው ነው።

ነገሩ ለአገራችን የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኑን የሚሠራው አዮዲን ከተባለው ንጥረ ነገር ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው መጠን ከአንድ ግራም ሚሊዮን እጅ 150ው እጅ ብቻ ነው፤ የዕድሜ ልክ ቢጠራቀም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ቢሆን ነው። ዝናብና ጐርፍ አፈሩን በሚያጥብበት ደጋ ግን ይህች ጥቂት ነገር እንኳ ከመሬቱ ትጠፋለች፤ ከመሬቱ ከጠፋችም ከእህሉና ከውሃው ትጠፋለች። በ1997 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው ጥናት ከተመረመሩት ልጆች ከሦስት አንዱ የሚበልጡት እንቅርት ተገኘባቸው። አስቀድሞ አዮዲን የገባበት ጨው በአሰብ በኩል ይመጣ ነበር፤ በ1990 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ያ መንገድ በተዘጋ ጊዜ ሕዝቡ አዮዲን ወደሌለበት ወደ አፍዴራ ጨው ዞረ። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት ደንብ ካወጣ በኋላ፥ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ምርመራ ከዐሥር ቤት በዘጠኙ ያህል አዮዲን ያለበት ጨው ተገኘ። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ሆኖም አዮዲን በጨው ውስጥ መገኘቱና በሚበቃው መጠን መገኘቱ ሁለት ልዩ ልዩ ነገር ስለ ሆነ ቍጥጥሩ ሊላላ አይገባም፤ በእናቱ ማኅፀን ሳለ አዮዲን ያነሰው ልጅ በአእምሮው ላይ የሚደርስበት ጕዳት በኋላ በመድኃኒት አይመለስምና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይተን እንናገር። እንቅርት ያለበት ሰው ሁሉ አእምሮው ይታወካል ማለት አይደለም፤ የብዙዎቹ ዕጢ አብጦም ሥራውን በደንብ ይሠራል። የዕጢ ደዌ ያለበትም ሰው ሁሉ አንገቱ አያብጥም። ይሁን እንጂ እብጠቱ ራሱ የሚያመጣው ኀዘን አለ። ነጠላዋን እስከ አገጭዋ ሳትከናነብ ከቤት የማትወጣ ልጃገረድ፥ ከጉባኤ መካከል ገብቶ መናገር የሚያፍር ጐልማሳ በየአገሩ ይታያል። በገበያ ሰው ላይ ጣት መቀሰር ምንም የማይመስላቸው ሰዎች፥ የሚቀስሩት ጣት ከዕጢው እብጠት ይልቅ እንደሚከብድ ቢያውቁ መልካም ነበረ።

የሕክምናውም ነገር ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነው። ለጐደለው ሆርሞን የሚሰጠው ሌቮታይሮክሲን የተባለው ክኒን ነው። ይህም ጧት በባዶ ሆድ በውሃ ይዋጣል፤ ከቡና ጋራ የተወሰደ እንደ ሆነ በሚገባ ወደ ደም አይገባምና ቡናውን ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ማቈየት ያስፈልጋል። ጧት በጀበና ዙሪያ ለሚሰበሰብ ቤተ ሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ብዙ ሰው መድኃኒቱ አልሠራልኝም የሚለው አወሳሰዱን የነገረው ሰው ስለሌለ ነው። ክኒኑ ዛሬ ተውጦ ነገ አያድንም፤ መጠኑ ልክ መሆኑ የሚታወቀው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቈይቶ በሚደረግ የደም ምርመራ ነው። ዕጢው ከመጠን አልፎ ለሚሠራበት ሰው ግን የሚሰጠው ሌላ ክኒን ነው፤ እርሱም ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ይወሰዳል።

በዚህም መካከል ሰውነት ይቀድማል፥ አእምሮ ይከተላል። እብጠቱ ጐድሎ፥ የልብ ምቱ ተስተካክሎ ሳለ ኀዘኑና ፍርሃቱ ለወራት የሚቈይበት ሰው አለ። የደሙ መጠን ልክ ሆኖ ሳለ እንኳ ድካምና የአሳብ መፍዘዝ የማይለቃቸው ሕሙማን ከመቶ ከ5 እስከ 10 እንደሚሆኑ ሐኪሞች ይገምታሉ። እንዲህ ያለውን ሰው ‹‹ወረቀቱ ደኅና ነህ ይላል፤ ሂድ›› ብሎ መሸኘት ሕክምናውን ከግማሽ መንገድ መተው ነው። ወረቀቱ ስለ ደሙ ይናገራል እንጂ ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፈ አይናገርም። ስለዚህ ሐኪሙ ‹‹ልብህስ እንዴት ነው? እንቅልፍስ? ከቤተ ሰብህ ጋራስ እንዴት ነህ?›› ብሎ ሊጠይቅ ይገባል፤ የአእምሮ ሕክምና የሚያስፈልገው ሆኖ ባገኘውም ጊዜ ያለ ኀፍረት ወደዚያ ይምራው።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻቸው እናቶች ናቸው። የታይሮይድ ደዌ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ብዙ እጥፍ ያጠቃል፤ ከወለዱም በኋላ ባለው ዓመት ከመቶ 5 ያህል በሚሆኑት ላይ ዕጢው ይቈጣል። መጀመሪያ ትሸበራለች፥ ልቧ ይመታል፥ እንቅልፍ ታጣለች፤ ከጥቂት ወር በኋላ ደግሞ ትፈዝዛለች፥ ታለቅሳለች፥ ልጅዋን ለማቀፍ ጕልበት ታጣለች። አራስ ስለ ሆነች ጋኔን ተጠጋት ይባላል፤ ወይም ልጅዋን የማትወድ ክፉ እናት ትባላለች። እናት ይህን ቃል ስትሰማ የሚደርስባትን ኀዘን ለመግለጥ ቃል አይበቃንም። ያዘነች አራስ ሁሉ የዕጢ ሕመምተኛ ናት አንልም፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ ያለ ዕጢም ይመጣል። ሁለቱም ግን የሚመረመሩና የሚታከሙ ናቸው፤ ሁለቱም ኀጢአት አይደሉም።

የስኳር ደዌም የሆርሞን ደዌ ነውና በዚሁ አንጻር ሊታይ ይገባዋል። በ1921 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በካናዳ ኢንሱሊን ከተገኘ ወዲህ ቀድሞ በጥቂት ጊዜ ይሞት የነበረው ሰው ዕድሜ አግኝቶ ይኖራል። ነገር ግን አኗኗሩ ያለ ዕረፍት ጥበቃ ነው፤ በየቀኑ ራሱን በመርፌ ይወጋል፥ የሚበላውን ይመጥናል፥ ሰዓቱን ይቈጥራል። በሰርግ ቤት ‹‹አፈር ስሆን ብሉልኝ›› ሲባል እንቢ ያለ እንደ ሆነ ኩሩ ይባላል፤ እሺ ያለ እንደ ሆነ ይታመማል። መድኃኒቱ ከምግቡ የበለጠ ጊዜ ደግሞ ስኳሩ በድንገት ይወርድና ያልበዋል፥ ይንቀጠቀጣል፥ ቃሉ ይደናገራል፥ ሰው ሲይዘውም ይታገላል። ይህን ያየ ሰው ሰክሯል ይለዋል፤ የሚያስፈልገው ግን ስድብ ሳይሆን ወዲያው የሚሰጥ ስኳር የገባበት መጠጥ ነው። መዋጥ ያልቻለ እንደ ሆነ በአፉ ምንም ሳይጨምሩ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። ይህን ሁሉ በየቀኑ በሚሸከም ሰው ላይ ድባቴ ከሌላው ሰው ሁለት እጥፍ ያህል መብዛቱ ሊያስደንቀን አይገባም።

ካህናት በዚህ ነገር ላይ ያላቸው ሥልጣን ታላቅ ነው። ያዘነና የታወከ ሰው ከሐኪም በፊት ወደ ንስሐ አባቱ ይሄዳልና፥ የመጀመሪያው ፍርድ የሚሰማው ከእርሳቸው አፍ ነው። የንስሐ አባቱ ‹‹ጸልይ፥ ተጠመቅ›› ከማለታቸው ጋራ ‹‹ደምህንም አስመርምር›› ቢሉት ከሃይማኖታቸው አንዳች አይጐድልም፤ ቅዱስ ሉቃስ ራሱ ሐኪም እንደ ነበረ፥ መጽሐፈ ሲራክም ባለ መድኃኒትን እንደሚያከብር ያውቃሉና። የሚያስፈራው ሕሙሙ ጠበል ሲገባ መድኃኒቱን መተዉ ነው። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በግልጥ በተናገሩ ጊዜ ብዙ ሰው ከጭንቀት ዐርፏል። ያ ቃል ለዕጢና ለስኳር ሕሙማንም ምሳሌ ሊሆን ይችላል። ስለ ጾምም የሆነ እንደ ሆነ ፍትሐ ነገሥት ለሕሙማን እንደሚያቀልላቸው ካህናት ያውቃሉ፤ ሕሙሙ ግን ይህን ከእነርሱ አፍ ካልሰማ ልቡ አያርፍም።

‹‹እንግዲያስ ሰነፍ ሁሉ ዕጢዬ ነው እያለ ሊያመካኝ አይደለምን?›› የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። እኛም ስንፍና የለም፥ ቍጣም ሁሉ ይቅር ይባል አላልንም፤ ሰው ለሥራው ኀላፊ ነው። ነገር ግን የዕጢ ደዌ በአፍ የሚነገር ምክንያት ብቻ አይደለም፤ በደም ምርመራ የሚታይ ነገር ነው። ምርመራው ደዌ የለም ያለ እንደ ሆነ አለቃው ጥቂት ቀን ከመታገሥ በቀር የሚጐዳው ነገር የለም፤ ደዌ አለ ያለ እንደ ሆነ ግን አንድ ሰው ከነቤተ ሰቡ ይድናል። ተገቢው ፍርድም ከምርመራ በኋላ የሚመጣ ፍርድ ነው፤ ዳኛ ምስክር ሳይሰማ እንደማይፈርድ ሁሉ፥ በሰው ጠባይም ላይ ደሙ ሳይመሰክር አንፍረድ።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ሹማምንት፥ ብዙ ዘመን በትጋት ያገለገለ ሰው ያለ ታወቀ ምክንያት ጠባዩ የተለወጠ እንደ ሆነ ከቅጣት ደብዳቤ በፊት ወደ ሐኪም እንዲሄድ ፈቃድ ስጡት። የጤና ጥበቃ ሥራ የተሰጣችሁም፥ የዕጢው የደም ምርመራ ከታላላቅ ከተሞች ውጭ ባሉት ሐኪም ቤቶችም እንዲገኝ፥ በአእምሮ ሕሙማን ሐኪም ቤትም አዲስ ለሚገባ ሕሙም ሐኪሙ ምልክቱን ባየ ጊዜ ሳይዘገይ እንዲደረግ፥ መድኃኒቱም ከመደብር እንዳይታጣ አስቡ። ባሎችና ሚስቶች፥ ወላጆችና ልጆችም፥ ሕሙማችሁ የተናገረውን ክፉ ቃል ሁሉ በልባችሁ አትጻፉ፤ ክኒኑን በሰዓቱ አስታውሱት፥ ቡናውንም አብራችሁት ጥቂት ቈይታችሁ ጠጡ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለብቻው የሚጠብቅ ሰውና ከቤተ ሰቡ ጋራ የሚጠብቅ ሰው ግን እኩል አይደሉም።

ደዌ በሰው ላይ መምጣቱን ለመከልከል ሁልጊዜ ኀይል የለንም። በደዌው ላይ ነቀፌታ እንዳንጨምርበት ግን ሁልጊዜ ኀይል አለን። ተረቱ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይላል፤ እንቅርቱን ለሐኪም እንተውለት፥ ጆሮ ደግፍ ከመሆን ግን እኛ እንጠበቅ።